ኮሎምቢያ ሲቲ፦ ከሸማንደፈር ጡረተኛ ጋር በባቡር የዋልንበት ቀን

ኮሎምቢያ ሲቲን የወለዳት ባቡር ነው። በሲያትል የሚኖረው ወገናችን ሰፈሪቱን የሚያውቃት በእንጀራና በቡና፣ በጓደኛ ቀጠሮና በ7 ቁጥር አውቶቡስ ነው እንጂ በታሪኳ አይደለም። ነገር ግን በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ከመሐል ሲያትል ተነስቶ የሬኒየርን ሸለቆ ጫካ ሰንጥቆ ባይመጣ ኖሮ ስሟም ባልተሰማ ነበር። የመሬት ነጋዴዎች ሐዲዱን እግር በእግር ተከትለው ቦታውን ሸነሸኑት። በ1893 ራሷን የቻለች ከተማ ተባለች፤ በ1907 ደግሞ ሲያትል ጠቀለለቻት። ያ ባቡር በ1937 ቆመ። ከዚያ በኋላ ሸለቆው 72 ዓመት ሙሉ ያለ ባቡር ኖረ። ሁለተኛው ባቡር፣ ሁላችንም የምናውቀው ሊንክ፣ የመጣው ጁላይ 18 ቀን 2009 ነው።

የመጀመሪያው ባቡር ጫካ ላይ ከተማ ቆረቆረ፤ ጫካውም ቢሆን የነባሩ የዱዋሚሽ ሕዝብ አገር እንደነበር ሳንረሳ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን የመጣው ሰው ጢም ብሎ ወደሞላበት ሰፈር ነው። ጥቁር አሜሪካዊው፣ ቬትናሙ፣ ፊሊፒኖው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊውና የእኛው ሰው ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ እያሳደገ ባለበት መንገድ መሐል ነው ሐዲዱ የተነጠፈው። ታዲያ ማን ተጠየቀ? ማንስ አተረፈ? ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ያነሱብኝ አንድ አዛውንት ናቸው።

የወዳጄ አባት ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከድሬዳዋ ከመጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። ልጁ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ከተማውን የማሳየቱ ነገር ለእኔ ወደቀ። መኪናዬን አስነስቼ ብጠብቃቸው «አቦ፣ መኪናውን አጥፋው! ለሠላሳ ዓመት የሸማንደፈር ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ከተማን በመኪና አላይም። ባቡር አላችሁ ብሎኛል ልጄ» አሉኝ። ሸማንደፈር ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ሲሆን የድሬ ሰው ያንን የቀድሞውን የምድር ባቡር ድርጅት የሚጠራበት ስም ነው። ለገሃርም ከዚያው ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው።

መቸም የድሬ ሰው አንቱታ አይወድም። «አንተ በለኝ» ቢሉኝም አፌ እምቢ አለ። አባባ እያልኩ ነው የዋልኩት።

የኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ ያለው በሬኒየር ጎዳና ላይ ሳይሆን ጥቂት ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ እምብርት ላይ ነው። ይህ መንገድ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኢምፓየር ዌይ ይባል ነበር። ስሙ የተሰጠው ለባቡር ቱጃሩ ለጄምስ ሂል መታሰቢያ ነው፤ ሰውዬው «ግዛት ገንቢው» እየተባለ ይጠራ ነበርና። የጥቁሮች መሪዎች ስሙ ለዶክተር ኪንግ ይሁን ብለው ሲነሱ በመንገዱ ዳር ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች ወረቀትና ማስታወቂያ መለወጥ ወጪ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ የኪንግ ስም ጸና። ይህን ስነግራቸው አባባ ምልክቱን ቀና ብለው አዩትና «እኛ አገር ስም ሲለወጥ ማን ተከራክሮ ያውቃል? ጧት ስትነሳ ተለውጦ ታገኘዋለህ» አሉ።

ቲኬቱን ከማሽኑ ገዛን። ለአዋቂ 3 ዶላር፣ ዕድሜው 65 ለሞላ 1 ዶላር ነው። 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከ2022 ጀምሮ በነጻ ይሳፈራል፤ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ለልጆቹ ሲከፍል አይቻለሁና ልብ ይባል። ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ሊንውድ፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ፌደራል ዌይ የሚል ጽሑፍ አለው። ይህን ካወቁ መጥፋት የለም። አባባን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በር የለም፤ ቲኬት ቆራጭ የለም።

«ታዲያ ሰው ምን ቸግሮት ይከፍላል?»

«አልፎ አልፎ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

«አልፎ አልፎ!» ብለው ሳቁ። በእሳቸው ዘመን ጫት የያዘችውና ኮንትሮባንድ የሸሸገችው ሁሉ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከፉርጎ ፉርጎ ስትሸሽ፣ አንዳንዷም ባቡሩ ዝግ ሲል ዘላ ስትወርድ ነበር የሚያውቁት።

ባቡሩ ደወሉን እያሰማ መጣ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ባቡሩ የሚሄደው ከመኪናና ከእግረኛ ጋር በአንድ መሬት ላይ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 35 ማይል ይደርሳል። ከሸለቆው ሲወጣ ግን ወይ ድልድይ ላይ ይወጣል፣ ወይ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ለምን? ይህ ጥያቄ ነው በጊዜው ሰፈሩን ያስነሳው። ሕዝቡ የባቡሩን ዕቅድ በድምፁ ያጸደቀው በ1996 ነው። ካርታው ሲወጣ ለሌላው ሰፈር ዋሻ፣ ለሬኒየር ሸለቆ ግን መንገድ መሐል የሚል ሆነ። «ሸለቆአችንን አድኑ» በሚል ስም የተደራጁ ነዋሪዎች፣ ለእኛም ዋሻ ይቆፈርልን፣ ይህ በድኻና በጥቁር ሰፈር ላይ የተደረገ አድልዎ ነው ብለው በፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2003 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተረቱ። ይሁን እንጂ ጩኸቱ ባዶውን አልቀረም። ለሸለቆው 50 ሚሊዮን ዶላር የልማት ፈንድ ተቋቋመ፤ ቁፋሮው ደንበኛ ላሳጣቸውና ቦታ መልቀቅ ግድ ለሆነባቸው ነጋዴዎችም ካሳና ብድር ከዚያ ተሰጠ። የዋሻን ያህል አይደለም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

አባባ በመስኮት እያዩ ሰሙኝና «ሐዲዱ ሲመጣ የእናንተ ሰው የት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱን ለሌላ ሰው ልተውለት። በዚያን ዘመን በመንገዱ ዳር ሱቅ የነበረው አንድ ወገናችን በአንድ ወቅት እንዲህ ብሎኛል፦ «የስብሰባው ወረቀት በሬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ብሄድ የቀኑ ገበያ ይቀርብኛል፤ እንግሊዝኛውም አይመቸኝ። ስለ አገር ቤት ስብሰባ ሲሆን ግን አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ወገባችን እዚህ፣ ራሳችን እዚያ ነበር።» የሰውየውን ሐዘን ይህ ጸሐፊ ይጋራል፤ ፍርዱን ግን ሙሉ በሙሉ አይቀበልም። ከሐዲዱ ስብሰባ ያልቀሩም ነበሩ፤ ደግሞስ አገር ቤት ያለው ወገን ታስሮ እያለ ማን ስለ ዋሻና ድልድይ ያስባል? ሆኖም ሰውየው ሱቁን ለቅቆ አሁን የሚኖረው ሬንተን ነው።

ወደ ቢከን ሂል ስንደርስ ወርደን እንይ አልኳቸው። ጣቢያው ከመሬት በታች 49 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ወደ ላይ መውጫው ሊፍት ብቻ ነው። አባባ በሊፍቱ ወጥተው የኮረብታውን አናት ካዩ በኋላ ተመልሰን ወረድን። «እኛ ተራራ ሲገጥመን ዞረን እንሄድ ነበር፤ እነዚህ በሆዱ ገቡበት» አሉ። የድሬዳዋ መወለድም እኮ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲያገኝ ነበር። ዳገቱ ገንዘብ ጨርሶ ስለሚፈጅ ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በ1902 በቆመበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ በቀለች። ሐረር የሺህ ዘመን ንግዷን እያየች ለትናንት ልጅ አስረከበች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ። «እንግዲያው ኮሎምቢያ ሲቲና ድሬ እህትማማች ናቸው» አሉ አባባ፤ «የአንድ እናት ልጆች። እናታቸው ደግሞ ሁለቱንም ጥላ የሄደች።»

ከዋሻው ሲወጣ ባቡሩ በባቡሮች ጋራዥ አጠገብ ያልፋል። ተደርድረው የቆሙትን ፉርጎዎች ሲያዩ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ስንቱ ለጥገና እንደቆመ፣ ስንቱ ለሥራ እንደተዘጋጀ ከመስኮት ሊቆጥሩ ሞከሩ። የድሬ ወርክሾፕ የጎደለውን መለዋወጫ ራሱ ቀጥቅጦ ይሠራ እንደነበር በኩራት አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር አስታወሱ። እሱ በሴፕቴምበር 20 ቀን 2015 ሥራ ሲጀምር ይህ ጸሐፊም እንደ ብዙው ስደተኛ በቪዲዮ አይቶ ደስ ብሎታል፤ ፖለቲካው ሌላ፣ ባቡሩ ሌላ። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ባንክ ብድር። ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። በአጥር የታጠረው ሐዲድም ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ አሮጊቷ ማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ለመሻገር ሩቅ መዞር ግድ ሆነባት። በሬኒየር ሸለቆ ሰው ከሰሰና ተረታ፤ በአዲስ አበባ ግን የሚከሰስበት በር የት ነበር? «መለዋወጫ ሳትገዛ ባቡር መግዛት፣ ገለባ ሳታዘጋጅ በሬ መግዛት ነው» አሉ አባባ። ከመሐንዲስ ሪፖርት ይልቅ ይህ ገባኝ።

በቻይናታውን ጣቢያ ወርደን «የሲያትልን ለገሃር» ላሳያቸው ወደ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ አቀናን። ሕንጻው በ1906 የተከፈተ ነው፤ ማማው በቬኒስ ያለውን የደወል ማማ አስመስሎ የተሠራ ነው። ጌጠኛው የኖራ ጣሪያ ለብዙ ዓመታት በርካሽ ኮርኒስ ተሸፍኖ ኖሮ ከተማው ገዝቶ አሳደሰው፤ እድሳቱ በ2013 አለቀ። ወደ ቺካጎ የሚሄደው የአምትራክ ባቡር አሁንም ከዚህ ይነሳል፤ ስሙም «ግዛት ገንቢው» ነው፤ ያ ቱጃር ከመንገዱ ስም ቢነቀል ከባቡሩ አልተነቀለም። አባባ እብነ በረዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ስለ አዲስ አበባው ለገሃር ምንም ሳይሉ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። እኔም አላነሳሁባቸውም። በ1929 የተሠራው ያ ጣቢያ፣ ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ የቆመለት፣ ባቡር አልባ ከሆነ ቆይቷል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚነሳው ከከተማው ዳር ነው። በ2018 ደግሞ የለገሃር አካባቢ ለአንድ የኤምሬትስ ኩባንያ የግንባታ ፕሮጀክት ተሰጠ። ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳና ካዛንቺስ የሆኑትን ያየ ሰው፣ ጣቢያ አጠገብ መኖር እዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ቀጣዩ ማረፊያችን ዌስትሌክ ነበር። ከዚያ በእግር ጥቂት ሲወርዱ ፓይክ ፕሌስ ገበያ ይገኛል። በ1907 የተከፈተ፣ ማለት ኮሎምቢያ ሲቲ በተጠቀለለችበት ዓመት። ዓሣ የሚወረውሩትን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ሳቁ። ከዚያ አንድ ሱቅ በር ላይ ረጅም ሰልፍ አዩና «ይህ ሁሉ ሰው የምን ዘይት ይጠብቃል?» አሉኝ። ስታርባክስ ነው አልኳቸው፤ ኩባንያው በ1971 በዚሁ ገበያ አካባቢ ተጀምሮ በኋላ ወደዚህ ሱቅ የተዛወረ፣ ሰው የመጀመሪያው ሱቅ እያለ ፎቶ የሚነሳበት።

አንባቢ ሳይረሳ አይቀርም። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ በ2005 ስታመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ኦክስፋም ከተቃውሞው ጀርባ ስታርባክስ አለ ብሎ ዘመቻ ከፈተ፤ ኩባንያው አይደለሁም አለ። በመጨረሻ በ2007 ኩባንያውና መንግሥት ስምምነት ፈረሙ። በመንግሥት ላይ የከረረ ተቃውሞ የነበረው ስደተኛ ሳይቀር በዚያ ጉዳይ ከገበሬው ጎን እንደቆመ አስታውሳለሁ። ከዚያ ዘመን ክርክሮቻችን ሁሉ የማላፍርበት ይህኛው ነው።

አባባ ለዚህ ሁሉ እንግዳ ነበሩ። የሐረርን ቡና ግን በትከሻቸው ያውቁታል። ወጣት ሳሉ ከድሬ መጋዘን ወደ ጅቡቲ በሚሄዱት ፉርጎዎች ላይ ጆንያ ሲቆጥሩ ነበር ሥራ የጀመሩት። «ስንት ይሸጡታል?» ብለው የአንድ ስኒ ዋጋ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ወደ ብር መነዘሩት። «ሰልፉ ይቅርብን፤ ልጄ ቤት ጀበና አለ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ተመለስን። ኮሎምቢያ ሲቲን አልፈን፣ ኦቴሎን አልፈን፣ ሬኒየር ቢችን አልፈን ባቡሩ ወደ ድልድዩ ሲወጣ ሰማዩ ጠርቶ የሬኒየር ተራራ በበረዶው ወለል ብሎ ታየ። 4,392 ሜትር ነው። ለወግ ያህል፣ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ይበልጠዋል፤ በረዶው ላይ ግን አንወዳደርም። ከቱክዊላ ቀጥሎ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። እዚህ አልወረድንም፤ ታሪኩን ግን ነገርኳቸው። ሲታክ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከሕዝቧ ብዙው በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ የሚሠራ ነው፤ ሻንጣ የሚያነሳ፣ መኪና የሚያቆም፣ ነዳጅ የሚሞላ። የምሥራቅ አፍሪካ ሰው የሞላበት ሥራ ነው። በኖቬምበር 2013 ለእነዚህ ሠራተኞች ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ይሁን የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። 6 ሺህ ገደማ ሰው ድምፅ ሰጠ። ሐሳቡ ያለፈው በ77 ድምፅ ነው። ኩባንያዎች ከሰሱ፤ በ2015 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአውሮፕላን ማረፊያውን ሠራተኞች ጨምሮ ሕጉን አጸናው።

«ሰባ ሰባት ሰው?» አሉ አባባ።

«ሰባ ሰባት።»

«አንድ ፉርጎ አይሞላም እኮ!»

እንግዲህ የሐዲዱን ጥያቄና ይህን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡት። ወገናችን መጀመሪያ የሰፈረው በሴንትራል ዲስትሪክት ነበር፤ ኪራይ ሲጨምር ወደ ሬኒየር ሸለቆ ወረደ። በሸለቆው ባቡር ሲመጣ በጣቢያዎቹ ዙሪያ አዳዲስ አፓርትመንቶች ተነሱ፤ ኪራዩም አብሮ ተነሳ፤ ብዙው ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ቱክዊላ፣ ወደ ኬንት ሄደ። የቀረውም ዝም ብሎ አልቀረም። የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በሬኒየር ጎዳና ላይ በራሱ ቦታ ለአረጋውያን 90 መኖሪያዎች ያሉት «የኢትዮጵያ መንደር» አሠርቷል። በዚህ ከተማ እኛን ከቦታ የማይነቅል ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ፣ መሬቱ በራሳችን ስም የሆነ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘጠና ቤት ግን ለስንቱ ይደርሳል?

ባቡሩም መንገዱን ቀጥሏል። በኦገስት 2024 ሰሜን እስከ ሊንውድ፣ በዲሴምበር 2025 ደቡብ እስከ ፌደራል ዌይ ደርሷል። ከሸለቆው የተገፋው ሰው ወደ ተገፋበት አቅጣጫ እየተከተለው ነው ማለት ነው። ደቡቡ ሐዲድ ወደ ታኮማ እንዲቀጥል ዕቅድ አለ፤ ለእሱም ካርታ ይወጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ የሥራ ልብስ የለበሱ ብዙ ሰዎች ተሳፈሩ። አንዲት ሴት የእኛን ወሬ ሰምታ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» አለቻቸውና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከየት እንደመጡ፣ ስንት ልጆች እንዳሏቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀች። እሳቸውም ተራቸውን የት ትኖሪያለሽ አሏት። ፌደራል ዌይ ነው አለች፤ ድሮ ግን ኮሎምቢያ ሲቲ ነበር፣ ከጣቢያው ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ። ባቡሩ ከመከፈቱ በፊት አምስት ዓመት ኖራበታለች። አሁን ሥራ ስትሄድ በባቡሩ ትጠቀማለች፣ ጥሩ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል አለች።

«ሰፈርሽ ሳለሽ ባቡሩ አልነበረም፤ ባቡሩ ሲመጣ አንቺ የለሽም» አሏት አባባ።

ሴትየዋ ሳቀች። እሷ ስትወርድ እኛ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አብረን ወረድን፤ ማዶ ተሻግረን የሚመለሰውን ባቡር እስክንጠብቅ አዛውንቱ ቆመው ባቡሩ ሐዲድ ሲቀይር ያዩ ነበር።